ማንም በማያውቀው ቃል አይከሰስም

ዋርካ በር ከተማ ውስጥ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲሞላ መስኮቶች ይዘጋሉ። ብርድ ስላለ አይደለም። የሰባተኛ ክፍል ልጆች የዕለቱን ቃል በአንድ ድምፅ የሚያነቡት በዚያ ሰዓት ስለሆነ ነው። ድምፃቸው የትምህርት ቤቱን አጥር አልፎ እስከ ባጃጅ ተራው ይሰማል። ባለሱቁ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል፤ ጉልት ላይ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ ይጠመጥማሉ፤ መንገደኛው እርምጃውን ያፈጥናል። ቃል ከነትርጉሙ አንዴ ከአፍ ከወጣ የተናጋሪው ይሆናል። የራስ የሆነ ቃል ደግሞ ያስከስሳል።

መምህርት ትርሲት አድማሱ ይህን ሁሉ በክፍሏ መስኮት እያየች አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተማረች። ትምህርቷ የሕግና የፍርድ ቤት ቃላት ነው። ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ምስክር፣ ዋስ፣ ይግባኝ እያለ ይቀጥላል፤ በጠቅላላው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቃል። ልጁ ተነስቶ ቃሉን ይጠራል፣ ትርጉሙን በራሱ አነጋገር ይናገራል፣ አንድ ምሳሌ ይጨምራል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጆሮ የሚባለው የመንግሥት ማዳመጫ ካመነበት ከልጁ ቁጥር ጎን አረንጓዴ መብራት ይበራል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ልጁ በዚያ ቃል ይጠየቃል።

አዋጁ የወጣ ሰሞን አገር ምድሩ እልል ብሎ ነበር። አንደኛው አንቀጽ "ማንም ሰው በማያውቀው ቃል አይከሰስም" ይላል። ደሃ ባልሰማው ሕግ መንገላታቱ ሊቀር ነው ተብሎ ስንቱ አለቀሰ። ሁለተኛውን አንቀጽ ግን እስከ መጨረሻው ያነበበው ጥቂት ሰው ነው። እሱ ደግሞ "ስለዚህ መንግሥት ቃላቱን ለዜጎች ያስተምራል፤ የታወቀ ቃል ወደ ኋላም ይሠራል" ይላል። በአሥር ዓመትህ የሠራኸው ነገር ስሙን በአሥራ አራት ዓመትህ ባወቅህ ማግስት ይፈለጋል ማለት ነው። ከአዋጁ በፊት ያረጁና ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች ብቻ ማንም አይነካቸውም።

አላውቅም ብሎ ማምለጥም የለም። ቃል ቁጥር አንድ "ሆን ብሎ አለማወቅ" ነው፤ የሚሰጠውም በመጀመሪያው ቀን፣ ልጆቹ ገና ደብተራቸውን ሳይሸፍኑ ነው። እሱን ካወቁ በኋላ ስንፍና ራሱ ያስጠይቃል።

ከተማው ትርሲትን በዚህ ሥራዋ ይጠላታል፤ መጥላቱንም አይደብቅም። ባጃጅ ውስጥ ስትገባ ወሬ ይቆማል። ሠርግ አትጠራም። ለቅሶ ቤት ስትሄድ ቦታ ይለቀቅላታል፣ አጠገቧ የሚቀመጥ ግን የለም። ሰው ከሰው ሲጣላ እንኳ መሰዳደብ ድሮ ቀርቷል፤ ባላንጣህ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ የአንዱን ቃል ትርጉም ይጮኽብሃል፣ ተናደህ መልሰህ እንድትለው። ልጆቹም ሜዳ ላይ ሲደባደቡ ዛቻቸው አንድ ነው፤ "ትርጉሙን ልንገርህ?" ይባባላሉ።

ትርሲት ግን ለራሷ መልስ ነበራት። ካላወቁ በምን ይከላከላሉ? ይግባኝ ምን እንደሆነ ያልተማረ ልጅ ይግባኝ አይልም። አሥራ ዘጠኙን ዓመት የገፋችው ይህን ለራሷ እየነገረች ነው።

አንድ ልጅ አለቻት፤ ሶስና። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አባቷ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ገብታ እናቷ ፊት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች። ክፍል ውስጥ እንደ ሌሎቹ "ቲቸር" ትላታለች፤ ቤት ሲገቡ "እማዬ"። ይህ እስከ አንድ ቅዳሜ ድረስ ነበር።

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት በጎረቤታቸው በጋሽ ወንድይራድ በር ላይ ካለው ምሰሶ የመንገዱ ጆሮ ተሰብሮ መሬት ወድቆ ተገኘ። ጋሽ ወንድይራድ ሦስት ሽማግሌ አስከትለው የትርሲትን በር አንኳኩ።

"ልጅሽ ድንጋይ ወርውራ ጣለችው። በዓይኔ አይቻለሁ" አሉ። "ክስ ውስጥ አልገባም፤ ጎረቤት ነን። መጥታ ይቅርታ ትጠይቀኝና ነገሩ እዚሁ ይለቅ።"

ትርሲት ክው አለች። የመንግሥት ንብረት ማውደም ቁጥር ስልሳ አራት ነው፤ ሶስና ከተማረችው ወር አልፎታል። ነገሩ በሽምግልና ካለቀ ከሳሽ አይኖርም። በኋላ ረጋ ብላ ስታስበው፣ ጋሽ ወንድይራድ ፊደል ያልቆጠሩ ሰው ናቸው፤ "ምስክር" የሚለውን ቃል ስለማያውቁ አየሁ ማለታቸው የትም አይደርስም ነበር። ለአርባ አንድ ልጅ በየዓመቱ የምታስተምረው ነገር ነው። በዚያች ሰዓት ግን ትዝ አላላትም። ሽማግሌ በር ላይ ቆሟል፤ ሽማግሌ ከቆመ ደግሞ ታናሽ ያጎነብሳል። አጠፋ አላጠፋ ተብሎ አይመረመርም። ታናሽየው ድንጋይ ተሸክሞ ይገባል፣ አጥፍቻለሁ ይላል፣ ታላቅየው ይቅር ይላል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። አገሩ እንዲህ ነው የኖረው።

"እኔ አይደለሁም" አለች ሶስና። ጸጉሯን ገና መታጠቧ ነበር፤ ውሃው ትከሻዋ ላይ ይንጠባጠባል።

"ዝም በይ" አለቻት እናቷ።

ጋሽ ወንድይራድ ይቅርታው ነገሩ በተፈጸመበት ቦታ፣ በራቸው ላይ ይሁን አሉ። ሽማግሌዎቹም ተስማሙ። ሶስና አንገቷ ላይ ድንጋይ ተደርጎባት ከምሰሶው ሥር ተንበረከከች። የተሰበረው ጆሮ ከጉልበቷ አንድ ክንድ ርቆ ተጋድሟል፤ መብራቱ ጠፍቷል። ትርሲት እንዲያውም መሰበሩ ደስ አላት። ቢያንስ እዚህ የሚባለውን የሚሰማ የለም ብላ አሰበች።

"በይ" አለቻት።

ሶስና መሬት መሬት አየች። ትርሲት የልጇን ማጅራት ጨምድዳ ይዛ ወደ ታች ተጫነቻት። "አጥፍቻለሁ በይ አልኩሽ።"

"አጥፍቻለሁ" አለች ሶስና። "ይቅር ይበሉኝ።"

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አሉ ጋሽ ወንድይራድ፤ ጎንበስ ብለውም ጉንጯን ሳሟት።

እሑድ ጠዋት በእነ ትርሲት በር ላይ ባለው የመንግሥት ሰሌዳ ጽሑፍ መጣ። ከወደቀው ጆሮ የጠፋው መብራቱ ብቻ ነበር፤ መስማቱን አላቆመም። ጽሑፉ አጭር ነው። ተማሪ ሶስና "አጥፍቻለሁ" ስትል ተሰምታለች። "የእምነት ቃል" የሚባለውን ቃል ቁጥር ሰማንያ ስምንት እንዳወቀች፣ ራሷ በሰጠችው ቃል መሠረት ለአራት ዓመት ወደ ማረሚያ አዳሪ ትምህርት ቤት ትወሰዳለች። ጥፋቷን ስላመነች ችሎት አያስፈልግም።

ቁጥር ሰማንያ ስምንት የሚሰጠው በማግስቱ፣ ሰኞ ነበር። አስተማሪዋ ደግሞ ትርሲት ናት።

ትርሲት ነጠላዋን ደርባ ወደ ጋሽ ወንድይራድ ግቢ ገባች። በረንዳው ላይ ልጃቸው ዳምጠው ተቀምጧል። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት "አድማ ማነሳሳት" የሚለውን ቃል ከክፍሉ ሁሉ ቀድሞ የመለሰ ጎበዝ ተማሪዋ ነበር። በማግስቱ መጥተው ወሰዱት፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለ ጓደኞቹን ዛሬ ትምህርት እንቅር ብሎ ኖሯል። ከአራት ዓመት በኋላ መልሰው አመጡት። እስካሁን ውሃ ለመጠጣት አባቱን ያስፈቅዳል።

"የወደቀ ጆሮ እንደሚሰማ ያውቁ ነበር?" አለች ትርሲት ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።

"እኔ ምን አውቄ" አሉ ጋሽ ወንድይራድ። "ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው።"

"ሶስና እንዳልሰበረችው ግን ያውቃሉ።"

"ማን ሰበረው ትያለሽ?" አሉና መሰላላቸው ወደ ተደገፈበት ግድግዳ አየት አደረጉ። "እኔ ብሰብረውስ? ለዚያ ያወጣችሁለትን ስም አላውቀውም። ማን ይጠይቀኛል?"

ትርሲት ደሟ ፈላ። ቁጥር ስልሳ አራትን ከነትርጉሙ ፊታቸው ላይ ልትጮኽባቸው፣ እልህ አስገብታም መልሰው እንዲሉት ልታደርግ ከጀለች። ስንት ጊዜ የተጸየፈችውን የሰፈር ሥራ ራሷ ልትሠራው ነው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ሲያዩ ሽማግሌው ሁለት ጆሯቸውን በመዳፋቸው ደፍነው ሳቁ።

"ዳምጠው፣ እስቲ ምን እንዳስተማረችህ ንገራት" አሉ ጆሯቸውን እንደ ደፈኑ።

ዳምጠው ብድግ አለና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ "ቲቸር፣ ልናገር?" ሲል ጠየቃት።

ትርሲት ዞራ ከግቢው ወጣች። ጥፋት የሠራ ሰው እንደዚያ ፈጥኖ ነው የሚራመደው።

ቤት ስትገባ ሶስና ጠረጴዛው ላይ ደብተሯን ዘርግታለች። ትርሲት ብዙ ልትላት ፈለገች። ነገ አትመልሺ፣ አሞኛል ብለሽ ቅሪ፣ ረሳሁት በይ። ነገር ግን በሰባተኛ ክፍል ተማሪ ቤት ሁሉ እንደሚደረገው ከጓዳው በር በላይ ጆሮ ተሰቅሏል፤ ቁጥር አንድ፣ ሆን ብሎ አለማወቅ፣ እናትና ልጅን ሁለቱንም ይይዛቸዋል።

"ማን እንደሰበረው አውቄያለሁ" አለች በመጨረሻ።

"እኔ እንዳልሆንኩ ነግሬሽ ነበር።"

"ፈርቼ ነው፣ ሶሲ።"

"አልጠየቅሽኝም" አለች ሶስና። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ዳኛ መጀመሪያ ምን ይጠይቃል እያልሽ ታስተምሪናለሽ። አድርገሻል ወይስ አላደረግሽም ብሎ ይጠይቃል። አንቺ አልጠየቅሽኝም። ማጅራቴን ያዝሽ።"

ትርሲት ልትዳስሳት እጇን ዘረጋች። ሶስና ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበችና ደብተሯን ይዛ ተነሳች። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ውስጥ "እማዬ" የሚል ድምፅ አልተሰማም።

የሳምንቱ ቃላት ሦስት ነበሩ፤ ሰማንያ ስምንት የእምነት ቃል፣ ሰማንያ ዘጠኝ መሐላ፣ ዘጠና ማስገደድ። መመሪያው በአንድ ሳምንት ውስጥ የትኛው ቃል እንደሚቀድም ለመምህሩ ይተዋል። ትርሲት በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ቅደም ተከተሉን ቀይራ አታውቅም። ሰኞ ጠዋት ጠመኔዋን አንስታ ሰሌዳው ላይ "ማስገደድ" ብላ ጻፈች።

"ሰውን በጉልበት ወይም በማስፈራራት የማይፈልገውን ማናገር ነው" አለች። "ተገዶ የተሰጠ ቃል ይፈርሳል። ቅጣቱም ወደ አስገዳጁ ይዞራል። ይህን የመጨረሻውን ሁላችሁም ጻፉት።" ጠመኔዋን አስቀመጠች። "ምሳሌ። አንዲት እናት የልጇን ማጅራት ይዛ ያልሠራችውን ሠርቻለሁ በይ አለቻት።"

በሰፈር ቅዳሜ የሆነውን ያልሰማ ልጅ አልነበረም። አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ጎረቤቱ በክርን ጎሸመው። ክፍል ውስጥ የሚሰጥ ምሳሌ እንደ ማስረጃ አይያዝም፤ መመሪያው ይላል። ቢያዝም ትርሲት ግድ አልነበራትም።

ልጆቹ በተራ እየተነሱ መለሱ። ሶስና ተነሳች፣ ቃሉን ጠራች፣ ትርጉሙን አንድ ሳታጎድል ተናገረች።

"ምሳሌ?" አለች ትርሲት።

"ቲቸር ከሰጠችው ጋር አንድ ነው።"

ከዚያ አረንጓዴው በራ።

ረቡዕ መሐላን አስተማረች። የልጇን ፊት ብታየው ብታየው የሚነበብ ነገር አጣችበት። ሶስና የተሰጣትን ማምለጫ አውቃዋለች? ወይስ በእልህ ዝም ብላ ልትሄድ ነው? በአሥራ ሦስት ዓመት እልህ ከአራት ዓመት እስር ሊበልጥ ይችላል፤ ትርሲት ይህን ታውቃለች፣ ራሷም እንዲያ ያለች ልጅ ነበረች። እናም ፈራች፤ ቅዳሜ ከፈራችው የባሰ ፈራች።

ዓርብ ጠዋት የማረሚያው ነጭ ሚኒባስ ሞተሩን ሳያጠፋ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሟል። የክፍሉ ልጆች ለማን እንደመጣ ስለሚያውቁ ወደ መስኮቱ ላለማየት ይጠነቀቃሉ። የሶስና ተራ ደረሰ።

"የእምነት ቃል" አለች። "ተከሳሹ የተባለውን ጥፋት ማጥፋቱን በራሱ አፍ ሲናገር ነው። ምሳሌ፣ አጥፍቻለሁ ማለት።"

አረንጓዴው በራ። ጆሮውም በዚያ ሰው ባልሆነ ትሕትናው፣ "ተማሪ ሶስና፣ በዚህ ቃል የሚጠየቅ ጉዳይ አለሽ። በሰጠሽው ቃል ላይ የምትጨምሪው አለ?" አለ።

ውጭ የሚኒባሱ ሞተር ይንተከተካል። ትርሲት ጠመኔውን ጨብጣ ሰበረችው።

"አለ" አለች ሶስና። "ተገድጄ ነው የሰጠሁት።"

"ማን አስገደደሽ?"

ሶስና ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቷን ፊት ለፊት አየቻት። ዓይኗ ውስጥ ምሕረት አልነበረም።

"መምህርት ትርሲት አድማሱ።"

ሚኒባሱ ባዶውን አልተመለሰም። ትርሲት እጇ ላይ የቀረውን የጠመኔ ዱቄት አራገፈች፣ የስም መጥሪያውን ለክፍል አለቃዋ ሰጠች፣ ወጣች። ከኋላዋ አንድም ልጅ ቻው አላላትም።

መቆያ ቤት ያገኛት መዝጋቢ ሲያያት ተማረረ። የእያንዳንዱ ተከሳሽ የሚያውቃቸው ቃላት በቅጹ ላይ በዝርዝር ይሞላሉ፤ ሰው ቢበዛ መቶ ምናምን ነው የሚያውቀው። የትርሲት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሆነና ሦስት ተጨማሪ ወረቀት ፈጀ።

"ይሄን ሁሉ ምን ሊያደርግልሽ?" አላት።

"ላስተምረው" አለች።

"ታዲያ ማን ያድንሻል?" ብሎ ማህተሙን አሳረፈበት። የሚከስሳት ብዙ ቃል ነበር፤ ከሁሉም ግን ለጊዜው ዘጠናውን ብቻ ነው የፈለጉት።

ጉዳይዋ የታየው በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ነው። ወደ ችሎት ስትገባ የግራው ወንበር በሙሉ በተማሪ ተሞልቷል። ሰባተኛ ክፍል በየተርሙ አንድ ቀን ለተግባር ትምህርት ችሎት ይመጣል፤ ይህንንም መርሐ ግብር ያወጣችው ራሷ ትርሲት ነበረች፣ ከአሥር ዓመት በፊት። አርባ አንድ ደብተር ተዘርግቷል። የሚባለውን ሁሉ ቃል በቃል ይጽፋሉ፤ ደብተሩም ይታረማል። ሶስና እዚህም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት። በመተላለፊያው ላይ አዲሷ አስተማሪ እጇን አጣምራ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ጫማዋ ድምፅ የለውም።

ዳኛው ወጣት ነው። ትርሲት ወዲያው አወቀችው፤ ይታገስ ይባላል፣ ባስተማረችበት በመጀመሪያው ዓመት ከፊት ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ እጁን ሳይጠሩት የሚያወጣ ልጅ ነበር። እሱም አውቋታል። ስሟን ከወረቀቱ ላይ ፊደል በፊደል አነበበው።

"ተከሳሽ ይነሱ። የተከሰሱበትን ቃል ያውቁታል?"

"አስተምሬሃለሁ" አለች።

"አዎ ወይም አይደለም ይበሉ።"

"አዎ።"

አርባ አንድ እስክሪብቶ ተንኳኳ። ዳኛው ወረቀቱን ገለጠና፣ "በልጅዎ ላይ የማስገደድ ተግባር ፈጽመዋል ተብሏል። አድርገዋል ወይስ አላደረጉም?" ሲል ጠየቀ።

ሶስና ከደብተሯ ቀና አለች።

ትርሲት ስንት ጊዜ ይህን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፋዋለች። አንድ ቀን ብቻ ነበር ያስፈለጋት፤ በዚያን ቀን ደግሞ አልጠየቀችውም።

"አድርጌያለሁ" አለች። ወደ ዳኛው ሳይሆን ወደ ሦስተኛው ረድፍ ነው ያየችው። "ልጄ ግን አላደረገችም። ማንም አልጠየቃትም እንጂ አላደረገችም።"

"ጥያቄው ስለ እርስዎ ነው" አለ ዳኛው። "ከጥያቄው ውጭ የተነገረው ይሰረዝ። ተማሪዎችም ከየደብተራችሁ ሰርዙት። ትእዛዝ ነው።"

አዲሷ አስተማሪ አንዴ አጨበጨበች። ማስመሪያዎች ከየቦርሳው ወጡ። ልጆቹ የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች፣ እንደተማሩት፣ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ባለ ቀይ መስመር ሰረዟቸው። ትርሲት ቆማ ቆጠረች። አርባ ማስመሪያ።

ሶስና ማስመሪያዋን አላወጣችም። የግራ መዳፏን በገጹ ላይ ዘርግታ የጻፈችውን ሸፍና ተቀመጠች። እናቷን አላየቻትም፣ አላለቀሰችምም። አስተማሪዋ ከጀርባዋ መጥታ ቆመች፤ መዳፉን አየችው፣ ትንሽዬ ማስታወሻዋን አውጥታ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈች።

ትርሲት በጣቶቿ የሳምንቱን ቃላት አሰበች። በሳምንት ሦስት፣ ሦስት ሳምንት፤ ክፍሉ ዘጠና ዘጠኝ ላይ ደርሷል። ቁጥር መቶ "ትእዛዝ መጣስ" ነው። የሚሰጠው ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ነበር።